መንግሥት ሲዘጋ

የ2011 ዓ.ም. ገና ዕለት ደሴ ደውዬ እናቴን እንኳን አደረሰሽ ካልኳት በኋላ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። ለበዓሉ የላክሁላት ገንዘብ ከወትሮው አንሶ ነበር።

«እማዬ፣ ሥራ ቀዝቅዞ ነው። እዚህ መንግሥት ተዘግቷል» አልኳት።

ጸጥ አለች። ወጥ ማማሰያዋን ድስቱ ላይ ስታስቀምጥ ሰማሁ።

«ኧረግ! ማን ያዘው?»

«ማንም አልያዘውም እማዬ፤ ተዘጋ ነው ያልኩሽ።»

«ሬዲዮ ጣቢያውስ?»

እዚህ ያሉ ጓደኞቼ ይህን ሳወራላቸው ይስቃሉ። እኔ ግን ጥያቄዋ የሚያስቅ አልመሰለኝም። እናቴ በዕድሜዋ መንግሥት ሲሄድ ሁለት ጊዜ አይታለች። በ1966 ወጣት ነበረች። በግንቦት 1983 ደርግ ደሴን ለቆ ሲወጣ ደግሞ እኔን አዝላ ወታደሩ የደንብ ልብሱን እያወለቀ አጥር ሥር ሲጥል ተመልክታለች። እሷ የምታውቀው «መንግሥት የለም» እንዲህ ያለ ነው። ሬዲዮ ጣቢያው የተያዘ እንደሆነ አዲስ ሰው ገብቷል፤ ካልተያዘም ገና ነው፣ በር ይዘጋል፣ ዱቄት ይገዛል።

እኔ ያኔ ዋሽንግተን መሐል ከተማ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከከበቡት ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የምሠራው። አበሻና ፓርኪንግ በዚህ ከተማ እንዴት እንደተሳሰሩ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ከታኅሣሥ 22፣ 2018 ጀምሮ (የአሜሪካን ጉዳይ ሳወራ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ሳወራ ዓ.ም. እላለሁ) ጋራዡ ባዶ ሆነ። 800 ሺህ የሚሆኑ የፌዴራል ሠራተኞች ግማሾቹ ቤት ተቀምጠው፣ ግማሾቹ ያለ ደመወዝ እየሠሩ 35 ቀን ቆዩ። በኋላ ሁሉም ያለፈው ደመወዛቸው ተከፈላቸው፤ ሕግም ወጣላቸው። የእነሱን መኪና የምናቆም፣ ቢሯቸውን የምናጸዳ፣ ቡናቸውን የምንቀዳ ግን ያለፈው አለፈን። አለቃዬ ሰዓቴን በግማሽ ቆረጠው። በዚያ ገና አንድ በግ የነበረው አንድ ዶሮ የሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ማን ነው የዘጋው? እናቴም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር፤ ስልክ ይዤ ለማስረዳት ስሞክር ነው አማርኛ ያጠረኝ።

ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። «መንግሥት» የሚለው ቃላችን ከነገሠ የወጣ ነው። ቤተ መንግሥትም፣ መንግሥተ ሰማያትም፣ ቀበሌ ሄደን መታወቂያ የምንጠይቀውም በዚሁ አንድ ቃል ይጠራሉ። ንጉሡ ከወረደ ከ50 ዓመት በላይ ቢሆነውም ቃሉ ዙፋኑን ተሸክሞ ይዞራል። ስለዚህ «መንግሥት ተዘጋ» ሲባል ለአበሻ ጆሮ ሰማይ ተዘጋ እንደማለት ነው። እኛ አገር ደግሞ ዘጊው ራሱ መንግሥት ነው። ሱቅ ያሽጋል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ያጠፋል። አማራ ክልል ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ማንም «ማን ዘጋው?» ብሎ አልጠየቀም። ዘጊው ይዘጋል ብሎ ማሰብ ለእናቴ ቀርቶ ለእኔም ጊዜ ወስዶብኛል።

አሜሪካኖቹ ግን እኛ «መንግሥት» የምንለውን አንድ ጆንያ ፈትተው ለየብቻ ቋጥረውታል። ሰዎች ይመጣሉ ይሄዳሉ፤ መሥሪያ ቤቶቹ ይቀራሉ። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ አንባቢዎች «የእገሌ አስተዳደር» ሲሉ መጀመሪያ አካባቢ እንደ ደሴ ከተማ አስተዳደር ዝቅ ያለ ቢሮ ይመስለኝ ነበር። እኛ የምንለው «የኃይለ ሥላሴ መንግሥት»፣ «የደርግ መንግሥት» ነው፤ ሰውየው ሲሄድ ጆንያውን ይዞት ይሄዳል።

ዜግነት ስወስድ መቶ ጥያቄ ነበር የሚጠናው፤ ያኔ አሥሩን ይጠይቁህ ነበር፣ ስድስት ከመለስክ አለፍክ። በእኛ መካከል ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር የጥናት ወረቀት ነበረች፤ እንግሊዝኛው በግዕዝ ፊደል ተጽፎ፣ ከጎኑ አማርኛ ትርጉም ያለባት። «አንዱ የመንግሥት ቅርንጫፍ ከልክ በላይ እንዳይጠነክር የሚያደርገው ምንድን ነው?» ይላል። መልሱ «ቼክስ ኤንድ ባላንስስ»። እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድጄ ወጣሁት፤ ትርጉሙ ግን አልገባኝም ነበር። ያደናገረኝ «ቅርንጫፍ» የሚለው ነው። ቅርንጫፍ ሲባል የሚታየኝ ባንክ ነዋ! የንግድ ባንክ ፒያሳ ቅርንጫፍ ቢከለክልህ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄደህ ታመለክታለህ። እዚህ ሦስት ቅርንጫፍ አለ፤ ዋና መሥሪያ ቤት የለም። ኮንግረሱ ገንዘቡን ይዟል፣ ፕሬዚዳንቱ ሥራውን፣ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን። ሦስቱ ካልተስማሙ የሚያስማማቸው የበላይ አካል አይመጣም። ጋራዡ ባዶ ሆኖ ባየሁት ቀን ነው ያቺ የሸመደድኳት መልስ የገባችኝ።

በዚያን ጊዜ የሆነው ይህ ነው። ፕሬዚዳንቱ ለድንበር ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ካልተሰጠኝ አልፈርምም አሉ፤ ኮንግረሱም አልሰጥም አለ። ኮንግረሱ ያልፈቀደውን ገንዘብ ማውጣት በ1884 በወጣ ሕግ ክልክል ነው። የሚገርመው፣ ሕጉ ያን ያህል ዕድሜ እያለው በጀት ሲዘገይ መሥሪያ ቤቶች በአብዛኛው እንደ ምንም ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። በ1980 ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቤንጃሚን ሲቪለቲ «ሕጉ ያለው እንደዚህ ነው፤ ገንዘብ ካልተፈቀደ በሩ ይዘጋ» የሚል አስተያየት ጻፉ። አንድ የሕግ ባለሙያ አንድ ጽሑፍ ጻፈ፣ ከ38 ዓመት በኋላ የእናቴ በግ ዶሮ ሆነ። 

በእኛ በኩል ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይጀምራል፤ ምክር ቤቱ ከዚያ አካባቢ ተሰብስቦ ያጸድቃል፤ አልቀረም፣ አልተንጓተተም። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር የያዙበት ምክር ቤት በጀት ይከለክላል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. ምርጫም ብልጽግና 410 ወንበር ይዟል። የሚያስቀው የማዕረጉ ስም ነው። እዚህ ኮንግረስ ውስጥ የፓርቲውን አባላት ለድምፅ የሚሰበስበው ሰው በቀጥታ «አለንጋ» ይባላል፤ «የአብላጫው አለንጋ»፣ «የአናሳው አለንጋ»። እኛ ዘንድ ያው ሥራ «የመንግሥት ዋና ተጠሪ» የሚል የተከበረ ስም አለው። አለንጋ ብሎ የሚጠራው አገር አባላቱ ያምጹበታል፤ ተጠሪ የሚለው አገር ውስጥ ያመጸ እስከ ዛሬ አላየሁም ማለት ይቻላል።

የዚህን አገር ፖለቲካ ቃላት ያስተማረን ግን ፈተናው አይደለም፤ ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ለአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የቀረበው ኤችአር 128 ነው። በ2010 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት እዚህ የነበረ አበሻ ያስታውሰዋል። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ምግብ ቤት ሒሳብ ሲከፈል «ደወልክ ወይ?» ነበር ወሬው። እኔም ኮንግረስ ውስጥ ለሚወክለኝ ሰው ቢሮ ደወልኩ። አንድ ልጅ እግር ሠራተኛ አነሳና ስሜን እንኳ ሳይጠይቀኝ «ዚፕ ኮድህ ስንት ነው?» አለኝ። የኢትዮጵያን ችግር ከሀ እስከ ፐ ላስረዳ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ልጁ የፈለገው አምስት ቁጥር ነው። በዚያ ቁጥር የእነሱ መራጭ መሆኔን ሲያረጋግጥ ድምፁ ተቀየረ፣ «አመሰግናለሁ ጌታዬ፣ አስተላልፋለሁ» አለ። ከሜሪላንድ ሆኖ ኮሎራዶ የደወለ ወዳጄ በትሕትና ተሰናብቷል።

ስልኩን ዘግቼ አሰብኩ። ደሴ ተወልጄ አድጌ ፓርላማ ውስጥ የወከለኝ ሰው ማን እንደነበር ስሙን አላውቀውም። ለማን ነበር አቤት የምንለው? «ለሚመለከተው አካል»። ስም የለው፣ ስልክ የለው፣ ፊት የለው። ማመልከቻ ስንጽፍ እንኳ ርዕሱ እሱ ነው። የሚመለከተው አካል መፍትሔ ይስጠን እንላለን፣ አካሉ ግን አይመለከትም።

ሚያዝያ 10፣ 2018 ውሳኔው በተወካዮች ምክር ቤት በድምፅ ጸደቀ። በማግስቱ ከአገር ቤት የአጎቴ ልጅ ደውሎ «አሜሪካ ሕግ አወጣችባቸው!» አለኝ፤ እየጮኸ ነበር። አልወጣባቸውም። ቁጥሩ ፊት ያለችው ፊደል ነው ልዩነቱ፤ እኛ «ኤችአር 128» ያልነው በእነሱ መዝገብ «ኤች.ሬስ. 128» ነው። ያኛው የምክር ቤቱን ሐሳብ ብቻ የሚገልጽ ውሳኔ ነው፤ ሴኔት አይሄድም፣ ፕሬዚዳንት አይፈርምበትም፣ ማንንም አያስገድድም። ሕግ ሊሆን የነበረው ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ የመጣው ኤችአር 2003 ነበር። በጥቅምት 2007 ምክር ቤቱን አለፈና ሴኔት ገብቶ ሞተ። ቃሉ የእኔ አይደለም፤ እነሱ ራሳቸው ረቂቅ «ሞተ» ነው የሚሉት። ኮንግረስ ዕድሜው ሁለት ዓመት ነው፤ በሁለት ዓመት ያላለቀ ረቂቅ ሁሉ አብሮ ይቀበራል። ከሚቀርበው ረቂቅ አብዛኛው መቃብሩ ኮሚቴ ውስጥ ነው፤ አልቃሽ የለው፣ ተስካር የለው።

ያኔ የኢትዮጵያ መንግሥትም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ እዚሁ ዋሽንግተን ሎቢስት ቀጥሮ ነበር። ሎቢ ማለት መግቢያ አዳራሽ፣ በራፍ ማለት ነው። የሹማምንትን መውጫ መግቢያ እየጠበቁ ጉዳይ ማስፈጸም። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ደጅ ጥናት ነው እኮ! አያቶቻችን ከራስ እገሌ ደጅ በቅሎ አስረው ወር ሁለት ወር የቆዩት፣ ማር በገንቦ ይዘው የሄዱት። ልዩነቱ የእዚህኛው ደጅ ጠኚ ደረሰኝ ይቆርጣል። በ1938 በወጣ ሕግ የውጭ መንግሥት የቀጠረው ሰው ተመዝግቦ፣ ስንት እንደተከፈለውና ማንን እንዳነጋገረ ማስመዝገብ አለበት፤ ፈልጎ ያነበበም ያገኘዋል። ስለ አገሬ መንግሥት ወጪ ከአገሬ መሥሪያ ቤት ያላገኘሁትን ከዋሽንግተን መዝገብ ማንበቤ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለ ኤሌክቶራል ኮሌጅ ብዙ አልልም። የእህቴ ልጅ «ስኮላርሺፕ ይሰጣል ወይ?» ብሎኛል። አይሰጥም፤ ኮሌጅም አይደለም። ከየስቴቱ የሚመጡ 538 መራጮች ናቸው፣ 270 ያገኘ ይነግሣል፤ ይቅርታ፣ ይመረጣል። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በሕዝብ ድምፅ ወደ 3 ሚሊዮን በልጠው የተሸነፉት በዚህ ነው። አጎቴ ይህን ሰምቶ «በግልጽ የተጭበረበረማ ከኛው ይሻላል» አለ፤ ማስረዳቱን ተውኩት።

ይልቅ ፓርኪንግ ቤት ያስተማረኝን ልንገራችሁ። ቀኑን ሙሉ የመኪና ታርጋ ነበር የማየው። የዋሽንግተን ከተማ ታርጋ ላይ አንድ መፈክር አለ፤ «ግብር ያለ ውክልና» ይል ነበር፤ በኋላ «ይቁም» ተጨመረበት። ከ2000 ጀምሮ ከተማው ራሱ ነው በመኪናዎቹ ላይ የለጠፈው። ከተማው 700 ሺህ ገደማ ሕዝብ አለው፤ ከዋዮሚንግም ከቨርሞንትም ይበልጣል። እነዚያ ሁለት ሁለት ሴናተር ሲኖራቸው እሱ አንድም የለው፤ በተወካዮች ምክር ቤትም ያለችው ወኪል በሕግ ላይ ድምፅ አትሰጥም። ለዓለም ዴሞክራሲ የሚሰብከው ሕንፃ በራፉ ላይ የሚኖረው ሰው ድምፅ ያለው ወኪል የለውም። ይህን ሳውቅ ደነገጥኩ፤ ከሁሉ ይልቅ የደነገጥኩት ግን በታርጋው ነው። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ብሶት መንግሥት ራሱ አትሞ በሰሌዳ ሲያድል ይታያችሁ።

ወደ ንጉሡ ልመለስ። በ2019 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ኢምፒች ሲደረጉ እናቴ ዜናውን እኔ ሳልደውልላት ሰምታ ነበር። «ከሰሱት አሉ። ታሰረ?» አልታሰሩም። ኢምፒችመንት ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበው ክስ ነው፤ የሚፈርደው ሴኔት፣ ለመሻርም ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል። በ2021 ደግመው ከሰሷቸው፣ ደግመው ነጻ ወጡ። ከእሳቸው በፊትም ጆንሰን በ1868፣ ክሊንተን በ1998 ተከሰው ነበር፤ በዚህ መንገድ ከወንበሩ የወረደ ፕሬዚዳንት እስካሁን የለም። ያም ሆኖ እናቴ ተደነቀች። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ለሚል ሕዝብ ክሱ ራሱ ትንግርት ነው። እኔም በዚህ ደስ ብሎኝ ለብዙ ጊዜ ስኮራበት ቆየሁ፤ ያገሩ ሰው ሆኛለሁና።

በሐምሌ 1፣ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በሥልጣኑ ዋና ተግባር ለፈጸመው በወንጀል አይከሰስም፣ በሌላው የሹመት ሥራውም ቢያንስ ያለመከሰስ ግምት ይኖረዋል ሲል ወሰነ። 6 ለ 3። ተቃዋሚ ዳኛዋ ሶንያ ሶቶማዮር ፕሬዚዳንቱ ከሕግ በላይ ንጉሥ ሆነ ብለው ጻፉ። ተረታችን ባሕር ተሻግሮ ዳኛ ፊት ቆሞ የረታ መሰለኝ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ፣ ኋላም በጥቅምት 18፣ 2025 «ንጉሥ የለም» የሚል ሰሌዳ የያዘ ሕዝብ በየከተማው ሲወጣ አደባባዩ ዳር ቆሜ አየሁ። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት አበሻ «እኛ እንደሱ ብለን ወጥተን ማን እንደመጣብን ባወቁ» አሉ። 1966 ዓ.ም.ን ማለታቸው ነው። መልስ አልነበረኝም።

በመካከሉ የእናቴ ሬዲዮ ጸጥ አለ። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ከ1982 ጀምሮ ይሰማ ነበር፤ ደርግን አልፎ፣ ኢሕአዴግን አልፎ፣ እየታፈነም እየተሰማም። በመጋቢት 2025 ፕሬዚዳንቱ አንድ ትእዛዝ ፈረሙና በማግስቱ ሠራተኞቹ ቤታችሁ ቆዩ ተባሉ። ይህ ትእዛዝ በእኛ አነጋገር አዋጅም አይደለም፣ ደንብም አይደለም፤ ፕሬዚዳንቱ ለራሳቸው መሥሪያ ቤቶች የሚጽፉት ነው። የፌዴራል ዳኛ ሮይስ ላምበርት እርምጃውን አገዱ፤ ይግባኝ ሰሚው ደግሞ የእገዳውን ከፊል አገደ። ዋና መሥሪያ ቤት የሌላቸው ቅርንጫፎች እንደገና ሲጓተቱ እናቴ ሬዲዮኗን ትጎረጉራለች። «ሞገዱ ነው ወይስ ባትሪው?» ትለኛለች። ፕሬዚዳንቱ፣ ኮንግረሱ፣ ዳኛው እያልኩ ስዘረዝርላት «ታዲያ ከሦስቱ ማንኛቸውን ነው የምለምነው?» አለችኝ። ለሚመለከተው አካል ልል ምንም አልቀረኝም።

መስከረም 21፣ 2018 ዓ.ም.፣ የግሸን ማርያም ዕለት፣ ማለትም በጥቅምት 1፣ 2025፣ እንደገና ተዘጋ። በዚህኛው ጊዜ ሪፐብሊካኖቹ ሁሉንም ይዘው ነበር፤ ዋይት ሀውሱን፣ ምክር ቤቱን፣ ከመቶው ሴናተር 53ቱን። አበሻ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን ጎደላቸው?» ይላል። ሰባት ሰው ጎደላቸው። በሴኔት ደንብ ክርክር ቆሞ ድምፅ እንዲሰጥ 60 ሰው ያስፈልጋል። ዴሞክራቶቹ የጤና መድን ድጎማው ይራዘም ብለው ሰባቱን ከለከሏቸው፤ 43 ቀን ሄደ፣ ከቀድሞው ክብረ ወሰን በስምንት ቀን በለጠ። አሁን ፓርኪንጉን ትቼ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ነው የማመላልሰው፤ የበረራ ተቆጣጣሪዎቹ ያለ ደመወዝ ሲሠሩ ቆይተው በረራ ሲቀነስ የእኔም ቀን ተቀነሰ።

ለእናቴ ስነግራት «ማን ያዘው?» አላለችም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ አምስት ሳምንት ስልኳ አልሠራም፤ መብራት የለም፣ ባንክ የለም፣ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። እኔ ያን ጊዜ እዚህ ሰልፍ ላይ ስጮህ ነበር። መንግሥት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር አትከራከርም። «የናንተው ነው? ያ የደመወዙ?» አለች።

«አዎ እማዬ፣ ያ የደመወዙ።»

«አብሽር። ስንት ሰው ጎደላቸው?»

«ሰባት።»

በየሳምንቱ ስደውል «ከሰባቱ ስንቱ መጣ?» ትላለች፤ ጎረቤት ሽምግልና እንደተቀመጠ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 3 ማታ ፕሬዚዳንቱ ሲፈርሙ እዚያ ኅዳር 4 እየነጋ ነበር፤ ለቅዳሴ ከመውጣቷ በፊት ደወልኩላት።

«ተከፈተ እማዬ።»

«እሰይ!» አለች፤ ቀጥላም ጣቷን ስትቆጥር እንደነበር ያስታውቃል፣ «ኅዳር ሚካኤል ስምንት ቀን ነው የቀረው። የዝክሩ ጠላ አምና ቀጥኖ ነበር።»